ቆጥረውን ሄዱ፤ መልሱስ?

በአገራችን አራስ ሊጠይቅ የሄደ ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ምሕረትን የሚያነሳው ዝም ብሎ አይደለም። ወላድ ከሞት አፋፍ የተመለሰች ናት ማለት ነው። አያቶቻችን አንድም የጥናት ወረቀት ሳይዙ ይህን ያውቁ ነበር።

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። እኔ በምኖርበት በኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ አንዲት ጎረቤቴ ሁለተኛ ልጇን በአንድ የሕክምና ተቋም ተገላገለች። ሕፃኑ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ምክንያቱን በወጉ የነገራት የለም። ከወራት በኋላ ታብሌት የያዘች ልጅ በሯን አንኳኩታ ስንት እንደወለደች፣ ስንቱ በሕይወት እንዳለ፣ ስንቱ እንደሞተ፣ በስንት ቀኑ እንደሞተ ጠየቀቻት። ጎረቤቴ እንባዋን እየጠረገች ሁሉንም መለሰች። ልጅቷም መዝግባ፣ አመስግና ሄደች። በቃ፣ ይኸው ነው።

በቀደም መንገድ ላይ አግኝታኝ «ወንድሜ፣ አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? ያ ስለ ልጄ የጻፉት ነገር የት ደረሰ?» አለችኝ። ምን ልበላት? አፌ ተያዘ።

አንባቢ እንዳይሳሳት፤ እኔ የጥናት ጠላት አይደለሁም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ባርባራ ክዋስት፣ ዶክተር ዊዳድ ኪዳነማርያምና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ከ32 ሺህ በላይ ቤቶችን አንኳኩተው የእናቶችን ሞት ቆጥረዋል። በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር 566 እናቶች ይሞቱ እንደነበር፣ ከገዳዮቹም ቀዳሚው ጽንስ ማስወረድ እንደሆነ ያወቅነው ቤት ለቤት በመኬዱ ነው። የሆስፒታል መዝገብ ብቻ ቢገለጥ ኖሮ በጓዳ የሞተችውን ማን ያያት ነበር? በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጽንስ የማቋረጥን ክልከላ ያላላው፣ ይህን መሰሉ ሞት ሊካድ የማይቻል ከሆነ በኋላ ነው። ጥናት ሲሠራ እንዲህ ነው!

ከዚያ ወዲህም ተቆጥረናል። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በ1992 ዓ.ም. 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2008 ዓ.ም. 412 ሆኗል። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናትም ከ1 ሺህ 166 የነበሩት በ2011 ዓ.ም. ወደ 59 ወርደዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መንደር ለመንደር የተንከራተቱትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እግዜር ይስጣቸው። የማይወራው ግን ሌላው ነው። በተወለዱ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱት ጨቅላዎች በ2008ቱ ጥናት ከ1 ሺህ 29 ነበሩ፤ በ2011ዱ ግን 33 ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ የናሙና ጉዳይ ሊሆን ይችላል የሚል ይኖራል፤ ይሁንለት። ቀነሰ ሊል ግን አይችልም። ቁጥር ሲያምር በከበሮ፣ ሲከፋ በሹክሹክታ መሆኑ ነው እኔን የሚያበግነኝ።

ሹማምንቱ ሁልጊዜ የሚሰጡን ምክንያት «እናቶች ወደ ጤና ተቋም አይመጡም» የሚል ነው። ለገጠሩ ይሠራ ይሆናል። ለኮልፌ ግን አይሠራም። በ2008ቱ ጥናት በአዲስ አበባ ከመቶ 97ቱ ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙ ናቸው። እናቶች መጥተዋል! ጎረቤቴም በሰዓቱ፣ ክትትሏን ሳታጓድል መጥታ ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ተገልብጧል፤ «ለምን አልመጣችም?» ሳይሆን «ከመጣች በኋላ ምን ጠበቃት?» የሚል ነው። የታፈነ ሕፃን እንዲተነፍስ የሚያደርግ ባለሙያ በሌሊቱ ተራ ነበረ ወይ? ያለ ቀኑ ለተወለደ ማሞቂያ ነበረ ወይ? ኢንፌክሽን እንደጀመረው በጊዜ ያየ አለ ወይ?

ለዚህ መልስ መስጫ መንገድ የለም እንዳይባል፣ አለ። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባል ሥርዓት ተዘርግቷል፤ በኋላም የጨቅላዎች ሞት ተጨምሮበታል። እያንዳንዱ ሞት ሪፖርት ሊደረግ፣ ምን እንደጎደለም ሊመረመር ይገባል። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ «ቅኝትና ምላሽ» ነው የሚለው። ቅኝቱስ ይሁን፤ ምላሹ ለማን ነው? ለአለቃ ብቻ ነው ወይስ ለሟች ቤተሰብም?

«የታካሚ ምሥጢር ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ስም አውጡ አላልንም። ሐኪምም አዋላጅም ስቀሉልን አላልንም፤ እነሱም በጎደለ ዕቃ የሚሠሩ ወገኖቻችን ናቸው። የምንለው አንድ ነው። እያንዳንዱ ወረዳ በዓመት አንዴ፣ በዚህ ሰፈር ይህን ያህል እናት፣ ይህን ያህል ጨቅላ ሞቷል፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ ያስተካከልነው ይህን ነው፣ የቀረን ይህ ነው ብሎ በአንድ ገጽ ጽፎ በጤና ጣቢያው በር ላይ ይለጥፍ። ልጇን ያጣች እናት ደግሞ የሞቱን ምክንያት ከሐኪም አፍ ትስማ። ይህ ዶላር አይጠይቅም፤ ሕዝብን መፍራት፣ ማክበርም ብቻ ይጠይቃል።

ቆጣሪዎች ሆይ፣ በራችን ክፍት ነው፣ ግቡ። ስትመለሱ ግን መልሱን ይዛችሁ ኑ። ጎረቤቴ እየጠበቀች ነው።