ከሮም እስከ በለስ፦ የአንድ ቤተሰብ ኩባንያና የእኛ ወንዞች

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ የሲቪል ሥራው ተቋራጭ “ዊቢልድ” በሚል ስም ተጠርቷል። ብዙ ሰው ግን እስከ ዛሬ “ሳሊኒ” ነው የሚለው። ሳሊኒ የቤተሰብ ስም ነው።

ኩባንያውን እ.ኤ.አ በ1936 የመሠረቱት ፒየትሮ ሳሊኒ ናቸው። ዛሬ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የሚመሩትም የአያታቸውን ስም የያዙት የልጅ ልጃቸው ናቸው። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ2014 ከኢምፕሬጂሎ ጋር ተዋሐደ፤ በ2020 ደግሞ ስሙን ለወጠ። አክሲዮኑ በሚላን ገበያ ይሸጣል፤ ትልቁ ባለድርሻ ግን አሁንም ቤተሰቡ ነው።

ይህ ለገጠሩ ጉዳይ ምን ይረባል የሚል አንባቢ ወደ በለስ ሸለቆ ይመልከት። በንጉሡ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ኩባንያ በደርግ ጊዜ በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስን የእርሻና የሠፈራ ልማት ይሠራ ነበር። ከድርቁ በኋላ ወደ ፓዌ የተወሰዱ ሰፋሪዎች ተስፋ የጣሉበት ሥራ ነበር፤ ሥርዓቱ ሲወድቅ ሳይፈጸም ቀረ። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ያው ኩባንያ ወደዚያው ሸለቆ ተመለሰ። 12 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ የጣናን ውሃ ወደ በለስ አሻገረ፤ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያም በግንቦት 2002 ዓ.ም ተመረቀ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ግርማ የቀነሰበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ቤተሰቡ በሦስት ትውልድ ሥራውን ሳያቋርጥ ያዘ፤ በእኛ በኩል ግን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ዕቅዱ አብሮ ተለወጠ። ከተርባይኑ የወጣው ውሃ የበለስን ሜዳ እንዲያጠጣም ታስቦ ነበር። በግብርና ኮሌጅ መስኖ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ውሃ ከዋናው ቦይ ወደ ማሳ የሚደርሰው በንዑሳን ቦዮችና በውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ነው። ይህ ጥቃቅን ሥራ በግዙፉ ውል ውስጥ የለም፤ ተቋራጩም አልሠራህም ተብሎ ሊወቀስ አይገባም። ውሉን የጻፈው ወገን ግን ይጠየቃል። ለግልገል ጊቤ 2 ሥራው ያለ ጨረታ ተሰጥቶ፣ በጥር 2002 ዓ.ም በተመረቀ በሳምንታት ውስጥ ዋሻው መደርመሱም አይዘነጋም።

ኩባንያው አሁን በኦሞ ወንዝ ላይ ኮይሻን እየገነባ ነው። ከላይ ያለው ጊቤ 3 የወንዙን ሙላት ከያዘ ወዲህ፣ ሙላቱ ሲሸሽ በእርጥቡ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩት የታችኛው ኦሞ ነዋሪዎች ዘር የሚጥሉበት ወቅት ተዛብቶባቸዋል። በኮይሻ ውል ውስጥ የእነርሱ ድርሻ በየትኛው አንቀጽ እንደ ሰፈረ ለሕዝብ ሊነገር ይገባል።