ዛፉ ከጓሮ፣ ስሙ ከባሕር ማዶ

በአርባ ምንጭ ከሴቻ እስከ ሲቀላ በየጓሮው የቆመውን፣ ቅጠሉ ከዘንጉ ተመልምሎ በጨው ከተቀቀለ በኋላ ከዱቄት ድብልብል ጋር ለቤተ ሰብ የሚቀርበውን ዛፍ የጋሞ እናቶች ሀለኮ፣ አማርኛ ተናጋሪውም ሽፈራው ሲሉት ኖረዋል፤ ዛሬ ግን ያው ቅጠል ደርቆና ተፈጭቶ በከረጢት በታሸገ ጊዜ «ሞሪንጋ» የሚል ስመ ክርስትና ይወጣለታል፤ ይህንም እንደ ሥልጣኔ ምልክት የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው።

ነቀፌታዬ ባዕድ ቃል ስለ ምን ገባ የሚል አይደለም። ጥንታዊው እንግሊዝኛ የሽንኩርትን ወገን «ሌአክ» የሚለው ከጀርመናውያን አባቶቹ በወረሰው ቃል ነበር፤ የአትክልቱንም ቦታ በሞላ በዚሁ ስም ይጠራው ነበር። ለጎመን ግን እርሱም ጀርመንኛም በላቲን አገዳ ማለት የሆነውን «ካውሊስ» ተዋሱ፤ የጓሮ አትክልትን ሙያ ከሮማውያን፣ በኋላም ከገዳማት መነኮሳት ሲማሩ ነገሩ ከነስሙ መጥቶላቸዋልና ማንም አይነቅፋቸውም።

የእኛ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። «ሞሪንጋ» ከታሚል ቋንቋ የተገኘ፣ አስቀድሞ የሕንዱን ዛፍ የሚያመለክት ቃል ሲሆን ሊቃውንተ ዕፅዋት ለወገኑ ሁሉ የወል ስም አደረጉት፤ በዚህም ሥርዓት የሕንዱ «ሞሪንጋ ኦሌይፌራ»፣ ትውልዱ ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ የሆነው ሀለኮ ደግሞ «ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ» ይባላል። እንግዲህ ስሙ መጣ እንጂ ዛፉ አልመጣም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ አብዛኛው ምርምር የተደረገው በሕንዱ ዛፍ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ውጤቱ በስም ዝምድና ብቻ ለእኛው ቅጠል መነገሩና ገዢውም የሌላውን ዛፍ ውዳሴ ሰምቶ ገንዘቡን መክፈሉ ነው።

እንዲህ ያለው ግፍ በሥራ ሥሮቻችንም ላይ ደርሷል፤ በ1858 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ በሺምፐር እጅ እንደ ገባ የሚነገርለት እንግዳ ያለ ቅጽል «ድንች» ሲባል፣ የምድራችን ተወላጅ የሆነው ግን «የወላይታ ድንች»፣ «የኦሮሞ ድንች» እየተባለ በገዛ አገሩ የይለፍ ወረቀት እንደሚጠየቅ ሰው ይኖራል።

«የውጭ አገር ነጋዴ ሀለኮን አያውቅም» የሚል ቢነሣ፣ ጤፍን ማን አሳወቀው? ጤፍ ስሙን ሳይለውጥ ባሕር ተሻግሮ ገበያ አግኝቷል። ስለዚህ አሻጊዎች ሀለኮን በጉልህ፣ የሳይንሱንም ስም ሳይከፍሉ በምልዓት ይጻፉ፤ በሕንዱ ዛፍ ላይ ብቻ የተመረመረውንም ፈውስ ከከረጢታቸው ይፋቁ።