ከቀለም ቀንድ የሚቀዳ ፌዝ

ፌዝ የሌለበት ቋንቋ የለም። አማርኛችን ሽሙጥን ከለበጣ፥ ስላቅን ከቧልት ለይቶ እንደሚጠራ ሁሉ፥ እንግሊዝኛም ለየመልኩ ልዩ ልዩ ስም አለው። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ፌዝን ራሱን አይደለም፤ ትዕቢትና ሞኝነት በዓለም እስካሉ ድረስ ፌዝም ሥራ አይፈታም። የምንነቅፈው፥ እንግሊዞች ራሳቸው እምብዛም የማይናገሩባቸውን ቃላት ከመዝገበ ቃላት ለቅሞ፥ ትርጕማቸውን በማያውቅ ሰው ላይ መወርወርን ሊቅነት አድርጎ የሚቈጥረውን ልማድ ነው።

አስቀድመን የቃላቱን ትርጕም እንመልከት። «ሳርካዝም» ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን ሥሩ ሥጋን መቦጨቅ ማለት ነው፤ ስለዚህ የሚያቈስለውን መራራ ፌዝ ያመለክታል። «ፐርሲፍላዥ» በ18ኛው መቶ ዓመት ከፈረንሳይኛ የገባ ነው፤ ሥሩ ማፏጨት ስለ ሆነ፥ ነገሩን ሁሉ አቅልሎ የሚያልፈውን ጨዋታ ይገልጻል። «አልትራክሬፒዴርያን» የተባለውን ደግሞ ሐያሲው ዊልያም ሃዝሊት፥ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1819 ዓ.ም.፥ ዊልያም ጊፎርድን ለመንቀፍ ጻፈው። ምንጩ የጥንቱ ሠዓሊ የአጴሌስ ታሪክ ነው፤ ጫማ ሰፊ በሥዕሉ ላይ የጫማውን ጕድለት ቢያሳየው አረመው፤ ሰውየው ደፍሮ ስለ እግሩም ሊተች ቢነሣ ግን ከጫማው በላይ እንዳያልፍ ገሠጸው። ቃሉም ከማያውቀው ነገር ገብቶ የሚፈርደውን ሰው የሚያሳፍር ሆነ።

እንግዲህ አንድ ነገር እናስተውል። ጊፎርድ የሮማዊውን ባለቅኔ የጁቬናልን ሽሙጥ ወደ እንግሊዝኛ የተረጐመ፥ ላቲን ዐዋቂ ሰው ነበረ። ሃዝሊት ጦሩን የወረወረው ጋሻ በያዘ ባላጋራ ላይ ነው ማለት ነው። ዛሬ ግን ያንኑ ቃል ትርጕሙን ሰምቶ በማያውቅ ሰው ላይ የሚወረውር፥ ባዶ እጁን በቆመ ሰው ፊት እንደሚፎክር ጀግና ነው።

እንግሊዞችም ይህን በሽታ ቀድመው ዐውቀውታል። በ1553 ዓ.ም. ቶማስ ዊልሰን ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ፥ ከላቲን እየቃረሙ የሚራቀቁትን ሰዎች ቃላት «የቀለም ቀንድ ቃላት» እያለ ዘለፈ። ቀለምን በቀንድ መያዝ የእኛም ጸሐፊዎች ልማድ ስለ ነበረ፥ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1601 ዓ.ም. ደግሞ ቤን ጆንሰን በአንድ ተውኔቱ ላይ አንዱን ገጣሚ መድኃኒት አጠጥቶ እንግዳ ቃላቱን ሁሉ አስተፋው። እውነቱን ለመናገር፥ ከተተፉት ቃላት አንዳንዶቹ ዛሬ ሕፃን የሚናገራቸው ሆነዋል። ስለዚህ ጥፋቱ በቃሉ እንግድነት ላይ አይደለም፤ ቃሉን ለመታበይ በሚያነሣው ሰው ላይ ነው።

ሄንሪ ፋውለር በ1926 ዓ.ም. ስለ እንግሊዝኛ አጠቃቀም ባሳተመው መዝገብ፥ የፌዝን ዓይነቶች በሰንጠረዥ ሲለይ፥ የእያንዳንዱ ሰሚ ማን እንደ ሆነ ጠይቋል። ለሳርካዝም የሰጠው ሰሚ ተሰዳቢውና በአጠገቡ የቆመው ሰው ናቸው። እንግዲህ ተሰዳቢው ካልገባው፥ በአጠገቡ የቆመውም ካልገባው፥ የሚስቀው ተናጋሪው ብቻ ነው። ብቻውን የሚስቅን ሰው ደግሞ አገራችን ምን ብላ እንደምትጠራው አንባቢ ያውቃል።

«ቅኔያችንስ ስውር አይደለምን?» የሚለን ይኖር ይሆናል። በአማርኛ ሰምና ወርቅ ሰሙም ወርቁም የተቀመጡት በአድማጩ አፍ መፍቻ ቋንቋ ነው። ዛሬ ቢያመልጠው ነገ ቈፍሮ ያገኘዋል፤ ሲያገኘውም ይስቃል፥ ወይም አጸፋውን ይመልሳል። ከባዕድ መዝገብ የተለቀመ ስድብ ግን ጕድጓዱም ወርቁም በሰው አገር ነው።

ነገሩ ቀላል መስሎ እንዳይታይ እንለምናለን። በአገራችን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። መምህር ተማሪውን በማያውቀው ቃል ቢሸነቍጠው፥ ልጁ ስሕተቱን አያርምም፤ ማፈርን ብቻ ይማራል፤ በማግሥቱም እጁን አያነሣም። አለቃ የበታቹን እንዲሁ ቢያደርግ፥ ሥልጣኑ አንድ ግንብ ሆኖ ሳለ ቋንቋውን ሁለተኛ ግንብ አድርጎ ይጨምርበታል። በዚህ ዓይነት የዕውቀት በር የሆነው ቋንቋ መቀርቀሪያ ይሆናል።

ስለዚህ ብርቅ ቃላትን እንማር፤ ታሪካቸውንም ለተማሪዎቻችን እናስተምር። ማፌዝ ካስፈለገን ግን መልስ ሊሰጠን በሚችል ሰው ላይ፥ እርሱም በሚሰማው ቋንቋ እናፊዝ። መልስን የሚፈራ ፌዝ፥ በስንት ሊቃውንት ቃል ቢሸለም፥ ከፍርሃት አያልፍም።