የማንም ያልሆነ አበባ

ባለፈው ሰሞን አንዲት አረጋዊት እናት ልጃቸው ከዓረብ አገር የላከችላቸውን ገንዘብ ለመቀበል እኔ ከምሠራበት የባንክ መስኮት ፊት ቆሙ። መታወቂያቸውን ተቀብዬ ቁጥሩን ወደ ኮምፒዩተሩ ሳስገባ፣ እርሳቸው መስኮቱ ሥር በብርጭቆ የተቀመጠችውን ቀይ ጽጌረዳ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ቀና አሉ። እንደገና ጎንበስ ብለው አሸተቱ። በመጨረሻም አንዷን የአበባ ቅጠል በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና፣

«ልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የፕላስቲክ አበባ ነው፣ እማማ» አልኋቸው።

«ማን ያጠጣዋል?»

«ውኃ አይፈልግም።»

«እንዲያ ከሆነማ የማንም አይደለም!» አሉና ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ሄዱ።

ዕለቱ የደመወዝ ሰሞን ስለ ነበር ከኋላቸው ረጅም ሰልፍ ቆሟል፤ እኔም ወደ ቀጣዩ ደንበኛ ዞርሁ። ነገር ግን የእኒያ እናት ቃል ከመስኮቱ ሥር አልነሣ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በገንዘቤ ገዝቼ፣ በእጄ ተሸክሜ፣ በአባቴ መቃብር ላይ ያኖርሁት አበባ ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

አባቴ ያረፈው በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነው። በአርባው ዕለት የፕላስቲክ አበባ ጉንጉን ገዛሁለት። ሻጩ «ይኼ እንደ ሌላው በሳምንቱ አይጠወልግም፤ ለዓመታት ይቆያል» ሲለኝ ልቤ ዐረፈ። ጉንጉኑን አኑሬ ስመለስ አንዳች ሸክም ከትከሻዬ የወረደ ያህል ቀልሎኝ ነበር። ከዚያም በኋላ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ወደዚያ ደጅ አልተመለስሁም። ሥራ በዛብኝ እንዳልል፣ እሑድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር ቡና የምጠጣበት ጊዜ ነበረኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ያሳረፈኝ «አበባው እዚያ አለ» የሚለው ሐሳብ ነው። በእኔ ቦታ ፕላስቲክ ቆሞልኝ ነበር።

በሙት ዓመቱ ከእናቴ ጋር ስንሄድ ቀዩ አበባ ነጥቶ ጠበቀን። ቅጠሉን ብነካው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረካከሰ። ፀሐይ ፕላስቲክን ሰባብራ ታደቅቀዋለች እንጂ እንደ ሣር አበስብሳ ወደ አፈርነት አትመልሰውም። ተንበርክኬ ስብርባሪውን ከአባቴ አፈር ላይ አንድ በአንድ ለቀምሁ። እናቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም። የዚያን ዕለት ማታ እነዚህን አራት ስንኞች ጻፍሁ፦

አይጠወልግ ብዬ አበባ ገዛሁኝ፣
ለአባቴ መቃብር ዕዳዬን ከፈልሁኝ፤
ዓመት ዞሮ ሳየው አበባው አለ እንጅ፣
እኔ ነኝ የጠፋሁ ከመቃብሩ ደጅ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ የማይጠወልግ አበባ መመኘት ነውር አይደለም። ምኞቱም የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳውያን «የማትሞት» የሚል ስም ያወጡላት ቢጫ አበባ አለቻቸው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ መቃብር የሚወስዱትን ጉንጉን ከእርሷ ይሠሩ ነበር። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ተፈጥሮ ለዚህ ምኞት መልስ ከሰጠች ቆይታለች፤ መልሱም በገዛ ተራራችን ላይ በቅሎ ሳለ እኛ ከባሕር ማዶ የመጣውን ፕላስቲክ እንገዛለን።

ሥራ በጀመርሁበት ዘመን ባሌ ጎባ ተመድቤ ነበር። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ያልፋል። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ከፍ ያለ ሜዳ ነው፤ ከጎኑም ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ቆሟል። በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል፤ ረፋዱ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ፊት ይልጣል። ያን አምባ የጎበኘ ሰው ጅብራውንና ቀይ ቀበሮውን አይቶ ይመለሳል። በመካከላቸው በየድንጋዩ ሥር ተኮራምታ የምትታየውን፣ ቅጠሏ ብር የመሰለ፣ አበባዋ ወርቅ የመሰለ ቁጥቋጦ ግን ልብ የሚላት ጥቂት ነው። በሣይንሱ ዓለም የወገኗ ስም ሄሊክሪሰም ይባላል፤ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ፀሐይና ወርቅ ነው። ከዝርያዎቹ አንዷ የሆነችው ሄሊክሪሰም ስፕሌንዲደም ከእኛ ደጋ አንሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ ተራሮች ድረስ ትበቅላለች። የእንግሊዝ አትክልተኞች በየጓሯቸው ይተክሏታል። እኔ በቤቴ «አይጠወልጌ» ብዬ እጠራታለሁ።

የአለመጠውለጓ ምሥጢር ቀላል ነው። ጽጌረዳን ውብ የሚያደርጋት በቅጠሏ ውስጥ ያለው ውኃ ነው፤ ውኃው ሲያልቅ ውበቷም አብሮ ይሄዳል። የአይጠወልጌ ወርቃማ ዙሪያ ግን እውነተኛ የአበባ ቅጠል አይደለም። ጥቃቅኖቹን አበቦች ከሥር አቅፈው የያዙ፣ እንደ ወረቀት የሳሱ ሌሎች ቅጠሎች ናቸው። ከመጀመሪያውም ውኃቸው ጥቂት ስለሆነ ሲደርቁ ብዙ የሚያጡት የላቸውም፤ ቅርጻቸውም ቀለማቸውም ይቆያል። ብርማው ቅጠሏም በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈነ ነው፤ ፀጉሩ ኃይለኛውን ፀሐይ ይመልሳል፣ የውኃ ብክነትን ይቀንሳል። ባላት ጥቂት ነገር መኖርን የተማረች ተክል ናት።

ከአባቴ ሙት ዓመት በኋላ ባሌ የቀረ አንድ የሥራ ባልደረባዬን ለመንሁት። እርሱም ከፓርኩ ክልል ውጭ ከመንገድ ዳር ከበቀለች ቁጥቋጦ አምስት ቅርንጫፎች ቆርጦ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ላከልኝ። «ከፓርኩ ውጭ» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከዚያ በፊትም ቢሆን ከፓርኩ ውስጥ ቅጠል መቅጠፍ አይገባም ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ገደልኋቸው። በውኃ ጥም አልነበረም፤ በደግነቴ ነው። የግቢያችን አፈር ጥቁር መሬት ነው፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ይቋጥራል። እኔ ደግሞ ፍግ ደልድዬ፣ ማለዳና ማታ አጠጥቼ፣ ሥራቸው በስብሶ ሐምሌን ሳያልፉ ቀሩ። ሁለተኛ ጊዜ ሲላክልኝ ግን ተምሬ ነበር። የተማርሁትንም ለሚተክል ሰው እነሆ፦

አበባ ያልያዘ፣ አንድ ጣት ያህል ርዝመት ያለው ለጋ ቅርንጫፍ ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፉና ግማሹ አሸዋ በሆነ አፈር ውስጥ ተክላችሁ ጥላ ሥር አኑሩት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሥር ሲሰድድ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ወደሚያገኝ ስፍራ አዛውሩት። መሬታችሁ ጥቁር ከሆነ አፈሩን በጠጠርና በአሸዋ ደልድሉ፤ መደቡንም ከፍ አድርጉ። ፍግ አታብዙ፤ የጠገበች አይጠወልጌ ትለመልምና ጎንበስ ብላ ትወድቃለች። በበጋው አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። አበባዋ ሲያልፍ ከቁመቷ ሲሶውን ያህል ግረዟት፤ ቅጠል አልባ የሆነውን አሮጌ እንጨት ግን አትንኩ። በየዓመቱ ካልተገረዘች ከሥሯ ተራቁታ እንጨት ብቻ ትሆናለች። አበባዋ አይጠወልግም እንጂ እርሷ ራሷ ታረጃለች፤ ቸል ያሏት እንደ ሆነ ትሞታለች።

አበባውን ለማድረቅ የምትፈልጉ ደግሞ እምቡጡ መከፈት ሲጀምር፣ ጤዛ ከረገፈ በኋላ ቁረጡት፤ እየደረቀ ራሱ ይከፈታልና ሙሉ በሙሉ እስኪፈካ አትጠብቁ። በትንንሹ አስራችሁ፣ ነፋስ በሚገባበትና ፀሐይ በማይደርስበት ስፍራ ቁልቁል ስቀሉት። ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ያለ ውኃ በገል ማሰሮ ውስጥ ይቆማል።

«ጓሮ የሌለን የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችስ?» የሚል አይጠፋም። ሥሩ የተበሳ አንድ ሸክላና ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ ይበቃል። «የፕላስቲኩ ርካሽ ነው» የሚል ይኖራል። ርካሽነቱን አልክድም፤ ግን አንድ ቁራጭ ከጎረቤት ለምኖ መትከል ከዚያም ይረክሳል። «ጊዜ የለንም» የሚለው ክርክር ግን እኔን ራሴን ስለሚመለከት ዝም ብዬ አላልፈውም። ጊዜ የለንም የምንል ሰዎች በእውነት የምንፈልገው አበባውን ይመስለኛልን? ከአበባው ጋር የሚመጣውን ግዴታ መሸሽ ነው የምንፈልገው። ፕላስቲክ የሚሸጥልን ውበቱን አይደለም። «ተመልሰህ አትምጣ፣ እኔ አለሁልህ» የሚለውን ቃል ነው። እኔ በ2011 ዓ.ም. የገዛሁት ያን ቃል ነበር።

የምንኖርበትም አገር ነገሩን ግራ ያደርገዋል። ከሆለታ፣ ከሰበታና ከዝዋይ እርሻዎች የሚቆረጠው ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ አውሮፓ ይገባል፤ በአበባ ንግድ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥሎ ስማችን ይጠራል። በሳሎናችን ከቴሌቪዥኑ ጎን የሚቆመው ግን ፕላስቲክ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ ብዙዎቻችን እሰየው ብለናል። ፌስታሉን ከእጃችን ጥለን ጉንጉኑን በሙታን ራስ ላይ ማኖራችን ምን ዓይነት ፍርድ ነው? የመቃብር ጉንጉን በሕግ ይከልከል አልልም። ሐዘንተኛን በሕግ መቅጣት አይገባም። እያንዳንዳችን ግን በገዛ እጃችን ልንተወው እንችላለን።

ዘንድሮ በግቢያችን ሦስት ቁጥቋጦዎች ቆመዋል፤ ትልቋ ወገቤ ድረስ ደርሳለች። እናቴ የደረቀውን አበባ ከአባቴ ፎቶግራፍ ሥር አኑራዋለች፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ቢጫነቱ ትንሽ ፈዘዝ አለ እንጂ አልተለየውም። ወደ መቃብሩም አንድ እስር እወስዳለሁ። እዚያ ግን ጣሪያ የለምና ክረምት ሲገባ ዝናብ ያበሰብሰዋል፤ አፈርም ይሆናል። ስለዚህ መስከረም ሲጠባ ሌላ ይዤ መሄድ አለብኝ። በመካከሉም ባዶ እጄን የምሄድባቸው ቀናት አሉ፤ አረም እነቅላለሁ፣ ትንሽ ተቀምጬ እመለሳለሁ።

በባለፈው ሳምንት ኃላፊዬን አስፈቅጄ የፕላስቲኳን ጽጌረዳ ከመስኮቱ ሥር አነሣኋት፤ በቦታዋ ከግቢዬ የቆረጥሁትን አኖርሁ። እኒያ እናት በወሩ መጨረሻ መምጣታቸው አይቀርም። ጎንበስ ብለው ማሽተታቸውም አይቀርም። «ማን ያጠጣዋል?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ «እናቱን ቁጥቋጦ የማጠጣት እኔ ነኝ፣ እማማ» እላቸዋለሁ።