ጃዝና ጆሮ

የሙላቱ አስታጥቄን ቫይብራፎን ከወደድኩ ወዲህ የጃዝ ምሽት አያመልጠኝም፤ ሙዚቀኞቹንም ሳላመሰግን አልወጣም። ሰሞኑን አንድ ሳክስፎን ተጫዋች ሰላም ስለው ከጆሮው የላስቲክ ውታፍ አወጣ። «ሲስተር፣ ለዓመታት ያለዚህ ተጫውቼ አሁን ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ይጮህብኛል» አለኝ።

ለስላሳ ሙዚቃ ጆሮ አይጎዳም የሚሉ አሉ። የሚጎዳው ግን የሙዚቃው ዓይነት ሳይሆን የድምፁ ኃይልና የቆይታው ርዝመት ነው። የውስጥ ጆሮ የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለሙዚቃ አዳራሾች ያስቀመጠው ጣሪያ በአማካይ 100 ዴሲቤል ነው።

ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። በየመሃሉ ወጣ ብላችሁ ጆሯችሁን አሳርፉ። ጥጥ መወተፍ ብዙም አይከላከልም፤ የጆሮ ውታፍ ይሻላል። ጩኸቱ በማግስቱም ካልተዋችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።