የጉሮሮ ሕመምን አንናቅ፤ የልብ ትርታችንን እንቁጠር



በአንባብያን ደብዳቤዎች ዓምድ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ቤት ኪራይ ብዙ ይጻፋል፤ የሚገባም ነው። እኔ ግን ዛሬ ሁላችንም በደረታችን ተሸክመነው ወደ ሥራ ስለምንገባው ስለ ልብ፣ ትርታውም ሲዛባ ስለሚያመጣው አደጋ ጥቂት ለማሳሰብ ቦታ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። በአብነት ሰፈር የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ የምናገረው ሐኪሞች ያስተማሩትንና እኔም በክፍሌና በሰፈሬ ያየሁትን ብቻ ነው።

ልብ አራት ክፍሎች አሉት። ሁለቱ የላይኞቹ ደምን እየተቀበሉ ወደ ታች ያወርዳሉ፤ ሁለቱ የታችኞቹ ደግሞ ወደ ሳንባና ወደ መላው አካል ይገፋሉ። ይህ ሥራ በተራና በልክ የሚካሄደው ከላይ በኩል ከአንድ ቦታ በሚነሣ የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ከአንድ ቦታ መምጣቱ ቀርቶ ከየአቅጣጫው ሲነሣ፣ የላይኞቹ ክፍሎች መኮማተራቸውን ትተው ይንቀጠቀጣሉ። ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉት ይህንኑ ነው። አለቃ የጠፋበት መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም እንደየራሱ ሲያዝበት ምን እንደሚመስል ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዋናው አደጋ ግን መንቀጥቀጡ አይደለም። ደም በደንብ ሳይገፋ ሲቀር በግራው የላይኛ ክፍል ጥግ ይረጋል፤ የረጋውም ቅንጣት አንድ ቀን ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ ሲካሄድ ከኖረው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ ይህ መዛባት ያለበት ሰው በስትሮክ የመመታት ዕድሉ ከጤነኛው ከ5 እጥፍ በላይ ነው። መዛባቱ በሩማቲክ የልብ በሽታ ላይ የተደረበ ሲሆን ግን ከ17 እጥፍ በላይ ይሆናል።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ይህ ሁለተኛው ነው። በበለጸጉት አገሮች የትርታ መዛባት በአብዛኛው የሽማግሌዎች ሕመም ነው። በኛም ዘንድ ቢሆን የደም ግፊት፣ የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራትና መጠጥ ማብዛት ያመጡታል። ነገር ግን ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች 3,343 የሩማቲክ የልብ ሕሙማን ተመዝግበው በተጠኑ ጊዜ፣ የመካከለኛው ሕመምተኛ ዕድሜ 28 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል፤ ከመቶውም 22 ያህሉ የትርታ መዛባት ነበረባቸው። ይህ ዕድሜ ሰው ሥራ የሚይዝበት፣ ትዳር የሚመሠርትበት ዕድሜ እንጂ የጡረታ ዕድሜ አይደለም።

የዚህ ሁሉ መነሻ ብዙ ጊዜ የልጅ ጉሮሮ ሕመም ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ተሕዋስ የልጁን ጉሮሮ ሲያቆስል፣ የሰውነት መከላከያ ተሕዋሱን እዋጋለሁ ብሎ የገዛ ልቡን በሮች ይወጋል። ይህም ሲደጋገም በሩ ይጠባል፤ በጠበበው በር ምክንያት ግራው የላይኛ ክፍል ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ደግሞ ትርታው ሥርዓቱን ያጣል። ታዲያ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህን ሰንሰለት ከሥሩ ሊበጥሰው ይችላል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። እንጥል ማስቆረጥ ግን ተሕዋሱን አያጠፋውም፤ ሌላ ቁስልና ሌላ አደጋ ይጨምራል እንጂ።

አንድ ባልደረባዬ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህን ስናገር ሰምቶ፣ «ለጉሮሮ ሕመም ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ከሮጥን ወረፋውን ማን ይችለዋል?» ሲል ተከራከረኝ። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ነው። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም ከጉንፋን ጋር መጥቶ ከጉንፋን ጋር ይሄዳል። ነገር ግን ሳልና ንፍጥ ሳይኖር በድንገት ጉሮሮው የታመመ፣ ትኩሳት የያዘውና የአንገቱ ዕጢ ያበጠ ልጅ ለሐኪም መታየት አለበት። ወረፋው ቢረዝም የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው፤ የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ግን የስንት ጊዜ እንደሆነ የጠበቁት ወላጆች ይመስክሩ።

በክፍሌ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በስፖርት ሰዓት ቶሎ ስለምትደክም ሰነፍ የሚል ስም ወጥቶላት ነበር። በኋላ ስትመረመር የልቧ በር የተጎዳ ሆኖ ተገኘ። አሁን በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። መርፌው በተወጋች ቁጥር ግን በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ተብሎ ይጻፍባት ነበር። እዚያው አብነት ጎረቤታችን የሆኑ ጋሼ የምንላቸው የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ፣ ትርታቸው ተዛብቶ ዋርፋሪን የሚባለው ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት ታዘዘላቸው። ለደም ምርመራ ፈቃድ በጠየቁ ቁጥር አለቃቸው ፊቱን ያጠቁርባቸው ጀመር። እሳቸውም «ደኅና ነኝ እኮ» ብለው ምርመራውንም መድኃኒቱንም ተዉት። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጧት የቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ዛሬ በሰው ተደግፈው ይሄዳሉ።

ዋርፋሪን ያለ ምርመራ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም። ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ደም ይፈሳል። ለትርታ መዛባት ልኩ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ባለው መካከል ይጠበቃል። ጎመንን የመሰለ አረንጓዴ ቅጠል አንድ ሰሞን ማብዛት፣ ሌላ ሰሞን ጨርሶ መተው እንኳ ልኩን ስለሚለውጠው፣ ጾም ሲገባና ሲፈታ ለሐኪም መንገር ይበጃል። ምርመራ የማይሹ አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ከ4,500 በላይ የሩማቲክ የልብ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ሲታተም፣ ለእነርሱ ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ አሮጌው ዋርፋሪን ሕይወትን በማትረፍ ልቆ ተገኝቷል። ስለዚህ የደም ምርመራው ቅንጦት አይደለም። ጠበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አልተቀመጠችም። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት የሕፃናት የልብ መርጃ ድርጅት ብዙ ደክሞ፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የአፍሪካ ባለሙያዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ሩማቲክ የልብ በሽታን ከአህጉሩ ለማጥፋት የሚያስችል የድርጊት ሐሳብ አውጥተዋል፤ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም በዚያው ዓመት ተቀብለውታል። በከተማችን ስም የተጠራ ሰነድ በከተማችን ትምህርት ቤቶች ሳይታወቅ መቅረቱ ግን ያሳዝናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ትምህርት ቤቶች የመርፌ ቀንን «ቀሪ» ብለው አይመዝግቡ፤ ስለ ጉሮሮ ሕመምም ለወላጆች በስብሰባ ይንገሩ። ሁለተኛ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ለደም ምርመራ የሚጠየቅን ፈቃድ እንደ ስንፍና አይቁጠሩት፤ የግማሽ ቀን ፈቃድ ነፍገው የዕድሜ ልክ ሠራተኛ አይጡ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን ትርታችንን መቁጠር እንልመድ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አንዲት ሲስተር እንዳስተማሩን፣ ሦስት ጣቶችን በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ አሳርፎ አንድ ደቂቃ መቁጠር ይበቃል። ያረፈ ጎልማሳ ሰው ትርታ በአብዛኛው ከ60 እስከ 100 ነው። ከቁጥሩ ይልቅ አካሄዱን እናዳምጥ፤ እንደ ሰከረ ሰው እርምጃ አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ፣ ልክ አጥቶ ከተገኘ ሐኪም ዘንድ ሄዶ በኤሌክትሮካርዲዮግራም መመርመር ነው። የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል ወይም የአንደበት መያዝ በድንገት ከታየ ደግሞ ነገን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ይገባል።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ሰዓትና ሦስት ጣት ነው። ሁለቱም በየቤታችን አሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
(ከአብነት፣ አዲስ አበባ)