የድንጋጤ ዋጋ በደረሰኝ ላይ አይጻፍም

በጅቡቲ መስመር የሚሠራ ነጋዴ የዶላሩን፣ የነዳጁንና የመኪናውን ኪራይ አንድ በአንድ ያሰላል። የድንጋጤን ወጪ ግን ከሒሳብ አያስገባም። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ ላይ ያለፉት ዓመታት ያሳዩን ግን ይህ ወጪ ቀላል አለመሆኑን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀዬአቸውን ለቀቁ፤ የካቲት 7 ቀን መንቀጥቀጡ በሬክተር ስኬል 6 ደረሰ።

በእንዲህ ያለ ሰዓት ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ። ሆርሞኑ ያስደነገጠንን ነገር በአእምሮ ይቀርጻል፤ ቀድሞ የምናውቀውን መልሶ ማስታወስን ግን ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ጥናት 17 የለንደን የገንዘብ ገበያ ነጋዴዎችን ለ8 የሥራ ቀናት ተከታትሎ፣ ገበያው ሲዋዥቅ ኮርቲሶላቸው አብሮ እንደሚጨምር አረጋግጧል። በ2014 በወጣው ጥናት ደግሞ ሆርሞኑ ለ8 ቀናት ከፍ እንዲል የተደረገባቸው ፈቃደኞች ከወትሮው ይልቅ አደጋን የሚሸሹ ሆኑ።

የእኛም ገበያ ይህንኑ ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም በውድ ይሻማል፤ ድንጋጤው ሲሰነብት ደግሞ ደኅና ዕድል ቢመጣም እጅ ይሰበሰባል። በስልክ የተነገረው ዋጋና የተቆረጠው ቀን ይረሳል፤ ጠቡ ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል።

«ገበያ አይጠብቅም፤ ኮንቴይነር ወደብ ላይ ባደረ ቁጥር ኪራይ ይቆጥራል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ስለዚህም ነው ውሳኔው አስቀድሞ፣ ልብ ሲረጋ መወሰን ያለበት፦ እስከ ስንት እገዛለሁ? ከስንት በታች አልሸጥም? መኪናው ቢታገድ ማን ይከፍላል? ይህ በጽሑፍ ከተቀመጠ ደላላው «ዛሬ ካልሆነ ነገ የለም» ሲል መልሱ ወረቀቱ ላይ ይገኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውም ለዚሁ ነው።

የጭነት ባለንብረቶች ማኅበራትም ለአባሎቻቸው አንድ ገጽ የውል ቅጽ ቢያዘጋጁ ወጪው የወረቀት ብቻ ነው። ሾፌሩም መንገድ ላይ ሳለ የዋጋ ክርክር በስልክ ባይደወልለት መልካም ነው።